አምስት ሺህ ወዳጅ ያለው ባልደረባዬ

ስማርት ስልክ ወደ መምህራን ኪስ መግባት በጀመረበት ዘመን አዘዞ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ቤታችን ጎንደር ከተማ ውስጥ ነው። አባቴ የልብስ ነጋዴ ነበሩ፤ የእሳቸውም አባት እንዲሁ። እኔ ብቻ ነኝ ከሱቅ ሸሽቼ ጠመኔ የያዝኩት። አሁን የማወራላችሁን ሰውዬ ያወቅሁት እዚያው ትምህርት ቤት፣ ስታፍ በምንለው የመምህራን ክፍል ውስጥ ነው።

ሥነ ዜጋ ያስተምራል። የገበሬ ልጅ ነው፤ አገሩም ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ኮሶዬ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አገርህ የት ነው ሲሉት «እዚሁ ጎንደር» ይልና ወሬ ይቀይራል። መጀመሪያ ላይ ዝምተኛ፣ ደብተር እያረመ ሻዩን የሚጠጣ፣ ማንንም የማያስቀይም ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ለሥልጠና ተላከ። የተመለሰው ሌላ ሰው ነው፤ ሰፊ ስክሪን ያለው ስልክ ይዞ መጣ።

በዚያው ሳምንት ስታፍ ውስጥ ቆሞ ይሰብከን ጀመር። «ዲግሪ ዘንድሮ ወረቀት ነው። ሀብት ሰው ነው። ስንት ሰው ያውቅሃል? ጥያቄው ይኼ ነው!»

ጡረታ የደረሱ የሒሳብ መምህር ነበሩን። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና «እኔን ተማሪዎቼ ያውቁኛል» አሉት።

«ተማሪ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?» አላቸው።

እኔ ሰውየውን መናቅ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ንቀቴን አጠነከረልኝ እንጂ አልቀነሰውም።

ዘዴው ቀላል ነበር። በከተማውና በዞኑ ያለ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ሁሉ ሶሻል ሚዲያ ላይ ገጽ ከፍቷል። እሱ አንድ በአንድ እየፈለገ ወዳጅነት ይጠይቃል፤ ከዚያ የሚለጥፉት ነገር ሥር ማንም ሳይቀድመው ይጽፋል። አንዱ ኃላፊ አካፋ ይዞ ከአንዲት ችግኝ አጠገብ ፎቶ ይነሣል፤ የኛ ሰው ከሥሩ «የአረንጓዴ ልማት አባት!» ይላል። የሌላው ልጅ ልደቱ ይሆናል፤ ልጁን አይቶት አያውቅም፣ «የአባትህን ፈለግ ተከተል የኔ አንበሳ» ብሎ ይጽፍለታል። ልጁ ገና ጡት አልጣለም። መስመሩ ሲጠፋ፣ በየሰዓቱ ነው የሚጠፋው፣ ከትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ሥር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ይወጣል። ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ ይጠብቁታል፤ እሱ ካቡ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። «መጣ! ኔትወርክ መጣ!» ሲል ከስደት የተመለሰ ወንድሙን ያየ ይመስላል።

ለገጹ ፎቶ ሲያስፈልገው ወደ አባቴ ሱቅ ሄደ። የኔ ባልደረባ መሆኑን ነግሮ ኮት እንዲያውሱት ጠየቀ።

«ለሠርግ ነው ልጄ?» አሉት አባቴ።

«ለፎቶ ነው አባባ። አሁኑኑ እመልሳለሁ።»

አባቴ ሰው እንቢ ማለት አያውቁም፤ ስቀው ሰጡት። የዋጋ ምልክቱን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ፋሲል ግንብ አጠገብ እጁን አጣጥፎ ፎቶ ተነሣና ኮቱን መለሰ። ከፎቶው ሥር «አማካሪ፣ ተመራማሪና አነቃቂ ተናጋሪ» የሚል ጻፈ። ማንን እንዳማከረና ምን እንደተመራመረ እስካሁን አላውቅም። አነቃቂነቱም ቢሆን፣ ስታፍ ስብሰባ ላይ መናገር ሲጀምር ግማሻችን ነበርን የምናንጎላጅ።

አባቴ በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። ድንኳን ሰፈራችን መንገድ ላይ ተተከለ፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰው ጎረፈ። ከከተማው ባለሥልጣናት አንዱም መጣ፤ አባቱና አባቴ የድሮ ወዳጆች ነበሩ። ያን ዕለት የትምህርት ቤቴ መምህራንም ተሰብስበው መጡ። እኔ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ስለነበርኩ የሆነውን ያየው ወንድሜ ነው። መምህራኑ በሩ አጠገብ ባገኙት አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ፣ ያ ሰው ግን ሰውን እየተራመደ ሄዶ ባለሥልጣኑ ጎን ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ክንዱን ዘረጋና ራሱንና ባለሥልጣኑን አንድ ላይ ፎቶ አነሣ። ወንድሜ መጀመሪያ ሰዓት የሚያይ መስሎት ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል ስልኬን ከፈትኩ። ፎቶው አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሁለተኛ አባቴን አጣሁ። ‹ልጄ፣ አገርህን አገልግል› ያሉኝ የመጨረሻ ቃላቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።»

አባቴ በመጨረሻ ቀናቸው ውሃ ከመጠየቅ በቀር ቃል አልወጣቸውም። ውሃውን በማንኪያ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።

ባለሥልጣኑ ከሥሩ መልስ ጽፎለት ነበር፦ «አይዞህ ወንድሜ። ቢሮ ብቅ በል።»

ወደ ሥራ በተመለስኩ ጠዋት ስታፍ ውስጥ አገኘሁት። ሊያቅፈኝ መጣ፤ ወደ ኋላ አልኩ።

«አባቴ መቼ ነው እንደዚያ ያሉህ?» አልኩት።

«እንዲህ ቃል በቃል አይደለም» አለኝ ሳያፍር። «መንፈሳቸውን ነው የጻፍኩት።»

«አንተን የሚያውቁህ ኮት ተውሰህ በመመለስህ ነው።»

«መምህርት፣ ኀዘን ላይ ስለሆንሽ ነው። ስንት ሰው ነፍስ ይማር እንዳለላቸው አላየሽም? የማያውቃቸው ሰው ሁሉ አወቃቸው። ይሄ ላንቺ ክብር አይደለም?»

በእውነት የሚያምንበት መሆኑን ፊቱ ላይ አየሁ፤ ያንገሸገሸኝም ይኸው ነው። ቢያፍር ኖሮ ሌባ ብዬ እተወው ነበር። እሱ ግን ውለታ እንደዋለልኝ ነው የሚያስበው። የክፍሌን ደብተሮች ይዤ ወጣሁ።

ቢሮ ብቅ አለ። ደጋግሞ ብቅ አለ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኖ ተሾመና ተማሪዎቹን ትምህርት መሀል ትቷቸው ሄደ። ሊሰናበተን ሲመጣ «ያልኳችሁን አያችሁ?» ብሎ ነው የጀመረው። አዩ። የስታፉ ሰው አመነ። ርእሰ መምህራችን ሳይቀር ስልክ ገዛ። የፊዚክሱ መምህር፣ ሴት ልጁ ስትመረቅ አንድ ቃል ያልጻፈው ሰው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው የጋብቻ በዓል ላይ ግጥም ገጠመ። ግጥሙ ቤት አይመታም። በዕረፍት ሰዓት ሁሉም አንገቱን ደፍቶ አውራ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ቁጭ ብዬ አይ ነበር፤ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው እንኳ ቀና ብሎ የሰው ፊት ያያል።

አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ላይ ነው፣ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወጥቼ ወደ በሩ ስሄድ አንዲት እናት ከዘበኛው ቤት ጥግ ተቀምጠዋል። ወፍራም ጋቢ ደርበዋል፤ አጠገባቸው ድንች የሞላ ጆንያና የበሶ ስልቻ አለ። ዘበኛችን ሽማግሌ ነው፤ «ከጠዋት ጀምሮ ነው የተቀመጡት፤ ልጃቸውን ነው የሚሉት» አለኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንች ልጄ፣ እዚህ አይደል ልጄ እሚያስተምር? እኒህ አያ የለም ይሉኛል።»

ስሙን ሲነግሩኝ ደነገጥኩ። መልካቸውን ሳየው አፍንጫው፣ ግንባሩ፣ ሁሉም የእሱ ነው።

«እማማ፣ ከዚህ ከለቀቀ ቆየ እኮ» አልኳቸው።

«ምነው? ከሰው ተጣላ?»

«አይ፣ ተሹሞ ነው።»

«ተሾመ?» ፊታቸው በራ። «ሸጋ ነው! እሰይ!» ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «ምነው ታዲያ ሳይነግረኝ?»

ገጹ ላይ ላሉ አምስት ሺህ ወዳጆቹ ነግሯል። እዚህ ግባ የማይባል የሹመት ደብዳቤውን ሳይቀር ፎቶ አንሥቶ ለጥፏል። ይህን ለእናቱ ምን ብዬ ልንገር? መልሱን ራሳቸው ሰጡኝ፦ «ስልክ ጠፍቶበት ይሆናል።»

ደወልኩለት፤ አያነሣም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሣም። ምግብ ልጋብዝዎ ብላቸውም ጾም ላይ ስለሆኑ ሰዓቱ አልደረሰም አሉኝ። ከፀሐይ አንሥቼ ጥላ ላይ አስቀመጥኳቸውና የእሱን ገጽ ከፈትኩ። በዚያችው ሰዓት አዲስ ፎቶ ተለጥፏል። አዘዞ አየር ማረፊያ በር ላይ እቅፍ አበባ ይዞ ቆሟል፤ ከውጭ አገር የመጣ አንድ እንግዳ አቅፎታል። «የሥጋ ሳይሆን የዓላማ ወንድሜን ስቀበል» ይላል። አየር ማረፊያው ከትምህርት ቤታችን ቅርብ ነው። ሲሄድ በበራችን ፊት ነው ያለፈው፤ እናቱ እዚያ ተቀምጠው።

ከፎቶው ሥር ጻፍኩ፦ «እናትህ ከኮሶዬ መጥተው ከጠዋት ጀምሮ የድሮ ትምህርት ቤትህ በር ላይ ተቀምጠዋል። ስልክህን አንሣ።»

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ከሥሬ «ኮሶዬ? የጎንደር ልጅ ነኝ ሲል አልነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው የኔም ጽሑፍ የሰውየውም ጥያቄ ጠፋ። ስልኬ ጮኸ።

«አብደሻል? ሰው በሚያየው ቦታ ላይ ትጽፊያለሽ?»

«ሰው በማያየው ቦታ ስደውልልህ አላነሣህም።»

«እንግዳ ይዤ ነው! ትልቅ ሰው ነው!»

«እናትህስ?»

«መጣሁ» ብሎ ዘጋው።

በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጣ፤ እንግዳውም ከኋላ ተቀምጧል። ሰውየው ደግ ቢጤ ነው፤ ወርዶ የእናቲቱን ትከሻ ሳመ፣ «እናታችን!» አለ፣ ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው። «እንዲህ ዓይነት እናት አለችህና አልነገርከኝም?» ብሎ ስልኩን አወጣ። ባልደረባዬ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዘበኛውን እያየ በእፍረት ቆሞ ነበር። የእንግዳው ስልክ ወደ እሱ ሲዞር ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ምን እንዳገኘ ገባው። አፈሩ ላይ ተንበረከከና የእናቱን እግር ሳመ። ቀና አለ፣ ፎቶ መነሣቱን አየ፣ እንደገና ሳመ።

እናቱ ደነገጡ። «ተነሥ ልጄ፣ ተነሥ! ምነው? ምን በድለኸኝ ነው እግሬን እምትስም?»

«ምንም አይደለም እማ፣ ፎቶ ነው» አላቸው።

ዘበኛችን ፊቱን አዞረ። እኔ አላዞርኩም፤ እስከ መጨረሻው አየሁት።

ከዚያ ሾፌሩ ሰዓቱን አስታወሰው፤ ለእንግዳው ምሳ ተይዟል። ልብሱን አራግፎ ወደ እኔ ጠጋ አለና «መምህርት፣ መቼም አንቺ ጀምረሽዋል፣ መኪና ላይ አሳፍሪልኝ። በሌላ ጊዜ ቤት እወስዳቸዋለሁ» አለኝ። ድንቹን አልያዘም። በሶውንም አልያዘም። መኪናው አቧራ አስነሥቶ ሄደ።

«ቸኩሎ ነው» አሉኝ እናቱ። «ሹመት ያለው ሰው እንዲሁ ነው።»

ሰዓቱ ሲደርስ ከበሩ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ሽሮ አስቀረብኩላቸው። እየበሉ ስለ ልጅነቱ አወሩኝ፤ ከብርድ የተነሣ ጆሮው ይታመም እንደነበር፣ ወደ ከተማ ለትምህርት ሲወርድ ስንቁን በሳምንቱ እየተሸከሙ ያመጡለት እንደነበር። ከአፋቸው የክፋት ቃል አልወጣም። በባጃጅ መናኸሪያ ወስጄ በደባርቅ መንገድ በሚሄድ ሚኒባስ አሳፈርኳቸው። ጆንያውንና ስልቻውን «ትሰጭልኛለሽ» ብለው ለእኔ ተዉልኝ። ላኩበት፤ ሰው አልመጣም። ድንቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምር እኔና ዘበኛው ተካፈልነው።

ፎቶው ከለጠፈው ሁሉ የበለጠ ተወደደ። «እናቱን የሚያከብር ሰው!» ተባለ፤ ስታፋችን ውስጥ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ሰዎች አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሶዬን አገሩ አደረጋት። በየስብሰባው «እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» ማለት ያዘ። ያ እንግዳ ለሚያቋቁመው የእርዳታ ድርጅት አስተባባሪ አደረገው፤ ጥቂት ቆይቶም ባሕር ዳር ተዛወረ። እኔን ከገጹ አገደኝ። ርእሰ መምህራችን ወደ ከተማ የጠየቅሁትን ዝውውር አንሥቶ «ይቅርታ ብትጠይቂው በአንድ ስልክ ያስጨርስልሽ ነበር» ሲል መከረኝ። ዝውውሩ ይቅርብኝ አልኩት፤ ቀረብኝም።

እናቱ ግን በሚቀጥለው ዓመት ወደ ከተማ ሲወርዱ ያን ቀን ወደ ጠቆምኳቸው፣ አሁን ወንድሜ ወደያዘው የአባቴ ሱቅ መጡ። የመጡበትን ጉዳይ ለመናገር አፍረው ቆዩና «አንች ልጄ፣ በዚያ ስልክሽ ውስጥ ይታያል አሉኝ። እስቲ ልየው፤ ከስቶ እንደሆነ» አሉኝ። የእኔ ስልክ ስለታገደ በወንድሜ ስልክ ገጹን ከፍቼ አንዱን ፎቶ አሳየኋቸው። ሱፍ ለብሶ መድረክ ላይ ቆሟል፤ ከጀርባው ትልቅ ጨርቅ ላይ ስሙ ተጽፏል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ብዙ አዩት። በጣታቸው ፊቱን ሲነኩት ፎቶው እየሸሸ ሌላ ሰው ይመጣባቸዋል፤ ወንድሜ ይመልስላቸዋል።

«ወፍሯል» አሉ በመጨረሻ። «ተመስገን።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ወንድሜ እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው።