አንድ ዓይናው ሣጥን

ክንዱ እህል ከመቅመሱ በፊት እጁን በሎሚ ያሽ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ ነው። ሎሚው ጥፍሩ ሥር እየገባ ያንገበግበዋል። ሽታው ግን አይለቀውም። የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ ነው፤ የሆመጠጠ ጠላና የተጫረ ክብሪት አንድ ላይ የተነከሩ ይመስላል። ሚስቱ "ኧረ ምንም አይሸትም፣ ብላ እንጂ!" ትለዋለች። እሱ ጉርሻውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ያቅለሸልሸዋል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሰውነቱ እያለቀ የሄደው በዚያው ዓመት ነው፣ ቀይ ሽብር በታወጀበት ዓመት።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሽታውን ይወደው ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

የተወለደው ዘጌ ነው። አባቱ አለቃ ሀብተ ሥላሴ ሠዓሊ ነበሩ፤ በጣና ዳር ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ እጃቸው አለ። ክንዱ ቀለም እየበጠበጠ አደገ። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ የሥዕሉን ዓይን እንዲሞላ ተፈቀደለት። ዓይን ትልቅ ነገር ነው በዚያ ሥራ። ጻድቅ ሰው ከነሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል። ሰይጣንና ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮችም፣ ከጎን ነው የሚሣሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። በቃ፣ ሥርዓቱ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቤተ መቅደስ ገብቶ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ በዚያ ይለያል።

አንድ ቀን ክንዱ ለይሁዳ ሁለት ዓይን አደረገለት። አለቃ ሲያዩ ክው አሉ።

"ይኸን ምን በወጣህ አደረግኸው?"

"አሳዘነኝ አባባ።"

"አንተን ቢያሳዝንህ፣ እሱ መቼ ለራሱ አዘነ!" አሉና በቢላዋ ፋቁት።

በኋላ የአለቃ ዓይን ደከመ። ሥዕል ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንጅ አጉሊ መነጽር ትቶላቸው ሄደ። በሱ እያዩ የመላእክቱን የዓይን ብሌን ጥንቅቅ አድርገው ይሠሩ ጀመር። ክንዱ ግን መነጽሩን ለሌላ ነገር ፈለገው። ቤቱን ዘግቶ አጨልሞ፣ በበሩ ቀዳዳ ላይ ደገነው። ማዶ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ሐይቁ መጣ። ታንኳዎቹ ተገልብጠው ይቀዝፋሉ፣ ዛፉም ሥሩ ወደ ላይ ነው። ልጁ ፈርቶ አባቱን ጠራ።

አለቃ ብዙ ጊዜ ቆመው አዩት።

"ጥፋት ነው አባባ? ቁልቁል ነው እኮ።"

"ጴጥሮስም ቁልቁል ነው የተሰቀለ። ቁልቁል መሆን ጥፋት የለውም" አሉ። ከዚያ መነጽሩን ከቀዳዳው ላይ ነቀል አድርገው አገላበጡት። "እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ይኸ ነገር ዓይኑ አንድ ብቻ ነው።"

ያን ጊዜ ክንዱ ሳቀ።

አለቃ ሲሞቱ ባሕር ዳር ገባና ከወረታው ነጋዴ ከኑርሑሴን የእንጨት ፎቶ ማንሻ ገዛ። ሦስት እግር ያለው ሣጥን ነው፤ ከፊቱ ሌንስ፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ። ሌንሱ ክዳን አለው። ክዳኑ ተነሥቶ ትንሽ ይቆይና ይደፈናል፣ ወረቀቱም እዚያው ሣጥን ውስጥ ይታጠባል። ክዳኑን አንሥቶ የሚቆየው "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን" እስኪል ነው። ሰዓት የለውም፤ መለኪያው ይቺ ነች። ከሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ቆሞ ስንት ሙሽራ አነሣ! የከተማው ሰው ሣጥኑን "አንድ ዓይናው" ይለው ነበር። "አንድ ዓይናው ጋ ጠብቀኝ" ይባባላሉ። ከጎን ልነሣ የሚል ግን አልነበረም። አንዲት ባልቴት ትንሽ ዞር እንዲሉ ቢጠይቃቸው "ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁህ?" ብለው ተነሥተው ሄደዋል።

እንግዲህ አብዮቱ መጣ፤ ሙሽራው ጠፋ፤ ጓድ መርስዔ መጣ።

ጓድ መርስዔ የቀበሌው ካድሬ ነው። ሙሉ ስሙ መርስዔ ኀዘን ነበር፣ የደብተራ ልጅ ነው። "አብዮት ኀዘን አያውቅም" ብሎ ግማሹን ስሙን ቆርጦ ጣለው። ጠጉሩን ቅባት ይቀባል፤ ሲጠጋ ቅባቱና አረቄው አንድ ላይ ይሸታል። ክንዱን አስጠራውና የታሰሩትን ሰዎች ፎቶ እንዲያነሣ አዘዘው። የሕዝብ ጠላት ተብለው ገበያው ግድግዳ ላይ ሊለጠፉ ነው።

"ከጎን ብቻ ነው የምታነሣቸው" አለ።

"ከፊት ቢሆን ይለያሉ ጓድ" አለ ክንዱ።

"ከፊት ከሆነ ያሳዝናሉ። ሰው ዓይን ለዓይን ካየ ልቡ ይባባል።" ጓድ መርስዔ ሳቅ አለ። "ደግሞ አንተ ምን ትጠይቀኛለህ? የአለቃ ልጅ አይደለህም? አባትህ ይሁዳን እንዴት አድርገው ነበር የሚሥሉት?"

ሰውየው ጾሙንም ጸሎቱንም ትቷል፤ ማዕተቡን በጥሷል። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ይዟት የወጣው ይቺን አንዷን ነገር ነው።

አነሣቸው። ምን ያድርግ! ገበሬም ነበር፣ አስተማሪም፣ ጢሙ ያልበቀለ ተማሪም። ገበያው ግድግዳ ላይ ተደረደሩ፣ ሁሉም አንድ ዓይን፣ ሁሉም ይሁዳ። ገበያተኛው ቀና ሳይል ያልፋል። ክንዱ መንገዱን ቀየረ። በዚያ በኩል ካለፈ የገዛ እጁን ትውከት የሚያይ ይመስለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ እማማ ወለተ ኪዳን መጡ። ከዘጌ ጌሾ በታንኳ እያመጡ የሚሸጡ የአባቱ ጎረቤት ናቸው። ጌሾውን ጭነው መጡ እንጂ አልሸጡትም። ሸክሙን ዋርካው ሥር አወረዱና ቁጭ አሉ።

"የሺአረግን ይዘዋታል" አሉ። የሺአረግ ልጃቸው ናት፤ አስተማሪ ለመሆን የምትማር። "ግድግዳውን አየሁት። ነገ ደግሞ እሷን አንተ ፊት ያቀርቧታል አሉኝ።"

"እማማ፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው እኮ..."

"አውቃለሁ። አስፈታልኝ አላልሁህም፤ አንተ ምን አቅም አለህ።" ነጠላቸውን አጠበቁ። "ብቻ ዓይኗን አታጥፋብኝ። ክርስትና ስትነሣ አባትህ የሣሉት ግድግዳ ሥር ነው ታቅፌያት የቆምሁ። አሁን የሳቸው ልጅ ከነይሁዳ ጋር ያሰልፋት? ሌላ ፎቶ የላትም፤ ተነሥታ አታውቅም። የሚቀረኝ እሱ ከሆነስ?"

"እንጃ እማማ" አለ ክንዱ።

እሳቸው "እንጃ"ን እንደ እሺ ተቀብለው ጌሾአቸውን ተሸክመው ሄዱ። ያን ቀን ሎሚም አልፈለገ፤ ጭራሽ አልበላም።

በማግስቱ የሺአረግን ወደ ቀበሌው ግቢ አወጧት። ጠጉሯን ቆራርጠውታል፤ አንድ ጉንጯ አብጧል። ጓድ መርስዔ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ አሣ ይበላል። እሾሁን ከጥርሱ እየመዘዘ መሬት ላይ ይተፋል፤ ዝንቡ ይራኮታል። "ቶሎ በል እንጂ አንተ!" አለና ተነሥቶ የቅባት ጣቶቹን በክንዱ ጥቁር ጨርቅ ጠረገ። ጠርጎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ክንዱ ጨርቁን ተከናንቦ ገባ። የአሣው ሽታ ከጨርቁ ጋር አፉና አፍንጫው ላይ ተለጠፈ። ከሣጥኑ በኋላ ባለው መስታወት ላይ የሺአረግ ቁልቁል ተንጠልጥላለች። አብዮት ጠባቂው አገጯን ይዞ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙሮታል። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ።

ወረቀቱን አስገባና ከጨርቁ ወጣ። ጠባቂው እጁ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ፈቀቅ አለ። ክንዱ ክዳኑን አነሣ። "በስመ አብ ወወልድ..." አለ በከንፈሩ።

የሺአረግ ፊቷን መለሰች። ማንም ሳያዝዛት ዞረችና ሌንሱን ትክ ብላ አየችው።

ክዳኑን መድፈን ነበረበት። ደፍኖ፣ ተበላሽቷል ብሎ፣ ጠባቂው በጥፊ ብሏት እንደገና ማንሣት። ሥራው እንዲያ ነው። እጁ ግን አልታዘዝ አለው። እንደ ፈራ ወደ ጓድ መርስዔ ቃኘ፤ ጓድ መርስዔ ጎንበስ ብሎ ድዱን ይጎረጉራል። ጠባቂው ዝንቡን ያባርራል። ክንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለና ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመረው። ቀስ ብሎ፣ እስከ አሜን። ከዚያ ደፈነው።

"አለቀ?"

"አለቀ ጓድ።"

ጠባቂዎቹ ወረቀቶቹን ሳያዩ ለጠፏቸው። በነጋታው ገበያው መሐል ሴቶች ቆመው ተገኙ። ቀና ብሎ የማያይ ሰው ቀና አለ። ከዚያ ሁሉ አንድ ዓይና መሐል አንዲት ልጅ በሁለት ዓይኗ ታያቸዋለች። አንዷ ባልቴት አማተቡ ተባለ፤ ወሬው ቀበሌ ደረሰ።

ጓድ መርስዔ ክንዱን አዳራሹ ውስጥ በኮሌታው አነቀው። ፎቶውን ገንጥሎ በእጁ ይዞታል። "ይኸ ምንድን ነው? አንተ የደብተራ ውላጅ!"

እሱ ራሱ የማን ልጅ ሊሆን ነው፣ ብሎ ክንዱ በሆዱ አሰበ። በአፉ ግን "ተንቀሳቀሰችብኝ ጓድ" ብቻ አለ።

በዚህ መሐል ከላይ ለጉብኝት የመጣ ሻለቃ ገባ። የሌላ አገር ሰው ነው፤ የዘጌን ሥዕል አያውቅም። ፎቶውን ተቀብሎ አየና "ይኸ ነው ፎቶ!" አለ። "መልኳ ይለያል። ሌሎቹን ሳያቸው ነበር፣ እናታቸው እንኳ አትለያቸውም። ለምንድን ነው ከጎን የምታነሷቸው?"

ክንዱ ጓድ መርስዔን አየ። ጓድ መርስዔ የያዘውን ኮሌታ ለቀቀ። ለሻለቃው ምን ይበለው? የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ነው ይበለው?

"እንዲያው... ለአሠራር ነው ጓድ ሻለቃ።"

ሻለቃው ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሦስቱን ባለ ጢም ሰዎች ትልቅ ሥዕል ቀና ብሎ አየ። ሦስቱም ከጎን ናቸው። "ከጎንማ መሪ ነው የሚያምርበት፤ ሩቅ ሲያይ! ጓድ መርስዔ፣ አንተም ከነሱ ሥር ትሰቀላለህ። ልክ እንደነሱ አድርገህ አንሣው፣ አንተ" አለ ወደ ክንዱ ዞሮ።

"ከፊት ብሆን ይሻላል ጓድ ሻለቃ..."

"ለምን?"

ጓድ መርስዔ ተቀመጠና ጉንጩን አዞረ። ላብ በጠጉሩ ቅባት ላይ እየፈሰሰ ወደ አንገቱ ወረደ። የምትታየው አንዷ ዓይኑ ወደ ሌንሱ ትንከባለላለች፤ ሊታረድ እንደተጣለ በሬ ዓይን።

"አይንቀሳቀሱ ጓድ" አለ ክንዱ። በስመ አብን ለሱ ማለት ቀፈፈው፤ በግምት ከፍቶ በግምት ደፈነው።

ደስ ይለኛል ብሎ ነበር። አላለውም። ዋርካው ጀርባ ሄዶ አስታወከ፤ ባዶ ሆዱን፣ ሐሞት ብቻ።

የሺአረግን በዚያው ሳምንት ወሰዷት። ሬሳም አልተገኘ፣ ለቅሶም አልተፈቀደ።

እማማ ወለተ ኪዳን የመጡት ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ጌሾም አልያዙ። ክንዱ ደብቆ ካኖረው ኔጋቲቭ ዳግመኛ አጥቦ ያወጣውን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። ሁለት ዓይን። ጠጉሯ የተቆራረጠ፣ ጉንጯ ያበጠ፣ ግን እሷ ራሷ ናት። ከፊቷ ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ጢስ ያለ ሌላ ገጽ አለ፣ ወደ ሐይቁ የዞረ።

"ይቺ ጢስ ምንድን ናት?"

"መጀመሪያ አዙረዋት ነበር እማማ። እሱ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ተመለሰች።"

"ተመለሰች" አሉ እሳቸው። ፎቶውን ሳይነኩ ጣታቸውን ከበላዩ አሳለፉ። "ስትመለስ ያየችው አንተን ነው?" አሉ።

"ሣጥኑን ነው እማማ።"

"አንተስ ያን ጊዜ ምን ታይ ነበር?"

ክንዱ ሁለት ዓይን እያለው መሬት መሬቱን ያይ እንደነበር መናገር አቃተው። እሳቸውም አላስጨነቁት። "የአባትህን ነፍስ ይማር" ብለው ፎቶውን በብብታቸው ከተው ወደ ታንኳው ወረዱ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የአባቱን ብሩሽ ከሣጥን አወጣ። ቀለም በጠበጠ። ከሌንሱ ጎን፣ እንጨቱ ላይ፣ ሌላ ዓይን ሣለ፤ ትልቅ፣ ጥቁር ብሌን ያለው፣ አለቃ ለመላእክት እንደሚሠሩት። ሲጨርስ እጁ ቀለም ቀለም ሸተተ። ከዚያ በኋላም መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ ሎሚውም አልቀረለትም።

ደንበኞች ጌጥ መሰላቸው። "አንድ ዓይናው ዳነ እንዴ ክንዱ?" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ጓድ መርስዔ ግን በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ክንዱም ሲያዞር ያየዋል፣ ከጎን።