የአጥንት ውሃ

ሞኝነት ከደጋ ሲወርድ ነጠላውን አጣፍቶ ነው የሚመጣው። አማቴም እንዲሁ ነበር የመጣችው፤ ልጇ፣ ማለት ባሌ፣ በጃንሆይ ዘመን ቡና ሊነግድ ከሸዋ ሲወርድ ተከትላ። ሱቃችን ከዲላ ቁልቁል ወደ አባያ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር። ሰፈሩ የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ሲሆን፣ እዚያ የተወለደ ልጅ ሁሉ ጥርሱ እንደ ቆርቆሮ የዛገ ነው። አማቴ፣ «የዚህ አገር ሰው አፉን አይጉመጠመጥም» ትል ነበር።

ልጄ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነው። የዲላው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ቁርጡን ነገረኝ፤ ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር በዝቷል፤ የወተት ጥርስ ሲወልቅ የሚተኩትን ቋሚ ጥርሶች የሚያበላሸውም ገና ድድ ውስጥ ሳሉ ነው። «ከወጡ በኋላ ብትፍቂውም አይለቅ» አለኝ። መላውንም አሳየኝ፤ የአጥንት ከሰል ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀራል። የከብት አጥንት አፈር አልብሼ አከሰልኩ፤ ወቅጬ፣ አጥቤ፣ ከሥሩ ቧንቧ ባለው በርሜል ሞላሁት። ከላይ የፈሰሰው የጉድጓድ ውሃ ከታች ኩልል እያለ ይወርዳል።

ሙስሊሙን ጎረቤታችንን ከዚህ ውሃ ለልጆችህ ውሰድ ስለው፣ «ከብቱን የማን ቢላ ነው ያረደው?» አለኝ። የክርስቲያን መሆኑን ሲሰማ አመስግኖኝ ሄደ። አማቴ በሱ ስቃ ልትሞት ነበር። ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ ሳቀች።

ሁዳዴ በገባ ማግስት የንስሐ አባታችንን በርሜሉ ፊት አቆመቻቸው። «አባ፣ በጾም አጥንት ይጠጣል?»

«የከሰለ ነው አባ፤ ሥጋም ቅባትም የለውም» አልኩ።

እሳቸውም የደጋ ሰው ናቸው፤ በረዶ የመሰለ ጥርሳቸውን በመፋቂያ እየፋቁ አሰቡ አሰቡና፣ «አጥንት አጥንት ነው ልጄ» አሉ። ለዚህች ፍርድ ነው እንግዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ የተማሩት!

«ልጅቷ እኮ አትጾምም!» ብዬ ጮህኩ።

«ሁላችን የምንጠጣበት እንስራ ይረክሳላ» አለች አማቴ። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል፤ እናቱ ፊት ምላሱን የሚውጥ ሰው ነበር። ከሰሉ ጓሮ ተደፋ። በርሜሉ ግን አልረከሰም፤ ታጠበና የፋሲካ ጠላ ተጠመቀበት። አባም ከሱ እየተቀዳላቸው ቤቱን መረቁ።

ከፋሲካ በኋላ እንደገና ልሥራ ብል ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ። ያ ቤት ጾም አጥቶ አያውቅም። ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ! ልጄ የጉድጓዱን ውሃ ጠጥታ አደገች።

ሰባት ዓመት ሲሞላት የፊት ጥርሶቿ ወጡ፤ ቡናማ፣ ጠቃጠቆ ያለባቸው። አማቴ አገጯን ይዛ አየቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ስትስቅ አፏን በነጠላ እንድትሸፍን አስለመደቻት።

አሁን እንግዳ ሲመጣ፣ ጨዋታ ሲደራ፣ ልጄ ሳቋ ሳይመጣ ነጠላዋን ታነሳለች።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይላሉ እንግዶቹ።

«እኔ ነኝ ያሳደግኋት» ትላለች አማቴ።