ጋሽ ይማምና የአርቪያችን ሙቅ ውሃ

ጋሽ ይማም ሞቱ አሉኝ። የነገረኝ አባቴ ነው፣ ጠዋት ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ። ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ ጋ፣ ታክሲያቸው ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ልባቸው ቆመ አለ።

ሌላ ይማም ይሆናል አልኩት። ሌላ ይማም እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም።

እዚህ የኢሜይል ግሩፕ ላይ የሰው ጽሑፍ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ብዙዎቻችሁ አታውቁኝም። ሰዓዳ እባላለሁ። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ስህተት ካያችሁ እለፉት። ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ።

አምና ብርዱ ሲጀምር የምንኖረው ኩን ራፒድስ፣ አርቪ ውስጥ ነበር። አርቪ ሰዎች ለሽርሽር የሚነዱት፣ አልጋም ምድጃም ያለው ትልቅ መኪና ነው። አፓርታማ እስክናገኝ ብሎ የአባቴ አለቃ ግቢው ውስጥ ያቆመውን ሰጠንና እሱ ብርዱን ሽሽት ፍሎሪዳ ሄደ። እናቴ ወንድሜን የወለደችው ያኔ ነው።

ከሆስፒታል እንደገባች የውሃ ማሞቂያው ተበላሸ። ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እሳቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ጋዝ ሸተተን። አባቴ ፈርቶ ጋዙን ከነጭራሹ ዘጋው፤ ምድጃውም አብሮ ቀረ። የቀረችን አንዲት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ናት። እሷንና የክፍሉን ማሞቂያ አንድ ላይ ከሰካናቸው መብራቱ ድርግም ይላል፤ ማሞቂያውን ከነቀልን ደግሞ ሕፃኑ ይበርደዋል።

አራስ በቀዝቃዛ ውሃ አትታጠብም። በዚያ ብርድ ወጥታ ሰው ቤትም አትሄድም። እናቴ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ትንቀጠቀጣለች። ሕፃኑን አንድ ብርጭቆ ውሃ እያሞቅን በጨርቅ እናብሰዋለን። ከንፈሩ ሲጠቁር ሳይ ይሞትብናል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴ ለጋሽ ይማም ደወለ። እንደኛው የወሎ ሰው ናቸው፤ አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው የእሳቸውን ስልክ ነው። ሰላም አላቸው፣ ልጆቻቸውን ጠየቀ፣ የደሴን ዝናብ ሳይቀር ጠየቀ። ከዚያ "እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብን" ብሎ ዘጋው።

"ነገርካቸው?" አለች እናቴ።

"ድምፃቸው ደክሟል። እንዴት ብዬ ላስቸግራቸው?"

"እኔስ? እኔ አልደከመኝም?"

አባቴ አካፋ ይዞ በረዶ ሊጠርግ ወጣ። የሚጠረግ በረዶ ግን አልነበረም።

ስልክ መደወል እፈራለሁ፣ እስከዛሬም። ግን ደወልኩ። "አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ፣ እትዬ ዘይነባና ልጆቹ እንዴት..."

"ሰላምታውን አባትሽ ጨርሶታል፣ እሙዬ። አንቺ ነገሩን ንገሪኝ።"

ለሰው ሁሉ የሚሉት እንዲህ ነው፤ ነገሩን ንገረኝ፣ ነገሩን ንገሪኝ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

ታክሲያቸውን ይዘው መጡ። የማሞቂያውን በር ከውጭ ከፍተው ቢያዩት ቢያዩት "እኔ የማውቀው ዘይት መቀየር ነው" አሉ። ድምፁን የሰማሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ታስረጃለሽ ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ሴንት ፖል ያለ አንድ ማሞቂያ ጠጋኝ ሱቅ የምንሠራው የቤት ነው፣ የአርቪ አንነካም አለን። አርቪ የሚጠግነው ደግሞ ለብርዱ ወራት ሊዘጋ ነው። ሰውየው በሩ ላይ እንደቆመ በኤፕሪል ኑ አለን።

ጋሽ ይማም ፈገግ ብለው በአማርኛ "በኤፕሪልማ ሕፃኑ ራሱ እየዳኸ ይመጣልሃል" አሉት። ሰውየው ምስጋና መስሎት "ዩ አር ዌልካም" አላቸው።

መኪና ውስጥ ገብተን "አሁንስ?" ስላቸው "አሁንማ አላውቅም" አሉ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ኤርፖርት፣ የታክሲ ተራው ጋ ወሰዱኝ። ከመኪና መኪና እየዞሩ መስኮት ያንኳኳሉ። "አርቪ የሚያውቅ ሰው ታውቃለህ?"

"ምነው ጋሽ ይማም፣ አርቪ ሊገዙ ነው? ሀብታም ሆኑ በሉኛ" አላቸው አንዱ ሾፌር።

"አራስ አለችብኝ። አትቀልድ።"

ቀልዱን ተወው። ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ትዝ አሉት፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓመታት አርቪ ውስጥ የኖሩ። ቤታቸው ሄደን አንኳኳን። ጋሽ ይማም እኔን ወደፊት ገፋ አደረጉኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ቀጭ ቀጭ የሚለውን በምላሴ እያሰማሁ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ኮታቸውን አነሱ።

አርቪያችን ጋ ስንደርስ የማሞቂያውን የጋዝ ቱቦ ፈተው በሽቦ ብሩሽ ጠረጉት። የዘጋው የሸረሪት ድር ነበር። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ያዘ።

እናቴ ስትታጠብ ወንድ የሚቀመጥበት ሌላ ክፍል የለም። ጋሽ ይማም አባቴንም ሽማግሌውንም ይዘው ነፋሱ ላይ ቆሙ። ጆሯቸው ቀልቷል። በመስኮቱ ጠሩኝና "አትቸኩል በያት" አሉኝ።

ወንድሜ አሁን ይሄዳል። ቤት አግኝተናል። ግን ችግር በመጣ ቁጥር የምንደውለው ለእሳቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት አባቴ ሲነግረኝ እንኳን መጀመሪያ ያሰብኩት ጋሽ ይማምን ልጥራ ብዬ ነው።

አባቴ ከቀብሩ በፊት ጀናዛቸውን ሊያጥቡ ከሄዱት ሰዎች ጋር ነው። ሲወጣ እናቴ በሩ ላይ እጁን ያዘችው።

"ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በእጅህ ሞክረው።"

"እሺ" አላት።

ጋሼ፣ እኔ ጉዳዬን ከፍቼ የተናገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ለማን እንደምደውል አላውቅም፣ እውነቴን ነው፣ አላውቅም። አላህ ብርድ የሌለበት ቦታ ያሳርፍዎት። ደህና ይሁኑ ጋሼ።