የቡና ገለባ በረሃ

አሥር አለቃ ሠረቀብርሃንን የማያውቅ የዲላ ሰው ካለ ኩራዝ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ዝቅ ብሎ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ሱቁ ከባዶ የዘይት ጣሳ ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያና የቡና መስፈሪያ ይሠራል፤ የሚያፈስ ባልዲም ይጠግናል። “ከእኔ እጅ የወጣ ዕቃ ጠብ አያደርግም” ይላል። ጉራ አይደለም። በጦር ሠራዊት ሳለ የውኃ ቦቴ ሹፌር ስለነበረ ጠብታ ስትባክን ማየት ያመዋል። ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ወሬውን አቋርጦ ይነሣና ያጠብቃል። ሚስቱ የትምወርቅ በዚህ ጠባዩ ስንት ጊዜ እንዳፈረች እሷ ትቁጠረው።

የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ የተጉለት ሰው ነው። ወደ ዲላ ያመጣው አንድ የወታደር ቀበቶ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኦጋዴን በድንበሩ ጦርነት ጊዜ፣ ረዳቱ የነበረ ታረቀኝ የሚባል የወናጎ ልጅ ሞተ። ሠረቀብርሃን በዓመቱ ከሠራዊቱ ሲሰናበት የልጁን ቀበቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ለእናቱ ሊያስረክብ መጣ። ሁለት ቀን አድሮ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ግን አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ውኃው በየጥጉ ይፈስሳል፤ ከበረሃ ለወጣ ሰው ሌላ ምን ያስፈልገዋል? ከዚያ ደግሞ የትምወርቅን አየ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

የታረቀኝ እናት ወይዘሮ ሙሉካ ይባላሉ። ያን ጊዜ ቀበቶውን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ስለ ጦርነቱ አልጠየቁም፣ ማን እንደተኮሰም አልጠየቁም።

“ጥላ አለው?” አሉ።

ሠረቀብርሃን ጥያቄው ቶሎ አልገባውም። ኋላ ዞር ብሎ ግቢውን ሲያይ ገባው። በዚያ አገር ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ እንሰቱም፣ ከብቱም፣ ሸንጎ የተቀመጠው ሽማግሌም በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሰው ሞቶ ፀሐይ ላይ ይቀራል ብሎ የሚያስብ የለም። ከደጃቸው ባሻገር አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆሞ ነበር።

“አለው እናቴ። ዋንዛ ሥር ነው” አለ።

ኦጋዴን ውስጥ ዋንዛ! መዋሸቱ ካልቀረ ትንሽ አሰብ አድርጎ ግራር ቢል ምን ነበረበት? ግን የደነገጠ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ይናገራል። ወይዘሮ ሙሉካ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት። በዚያው ክረምት የዋንዛ ችግኝ ከቤታቸው ጎን ተከሉ። በበጋ ከምንጭ ውኃ እየተሸከሙ አጠጧት። ለጸሎት ቤታቸው ሰዎችም “የታረቀኝ ዛፍ እህት ናት” እያሉ አስተዋወቋት። ሠረቀብርሃን ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር ይዘውት ይዞሩና “እይ፣ ትከሻዬ ደረሰች” ይሉታል፤ በሌላው ዓመት “እይ፣ አሁን እኔን በለጠች” ይሉታል። ችግኟ ባደገች ቁጥር ውሸቱም አብሯት አደገ።

በስልሳ አንድ የገና ሰሞን ወይዘሮ ሙሉካ ከወናጎ ድረስ ሱቁ መጡ። የጸሎት ቤታቸው ሚሲዮኖች ለበዓሉ በጠረጴዛ ላይ ቤተልሔምን ሠርተው ኖሮ እሱን አይተው ነው።

“አሸዋ አለ፣ በግ አለ፣ የከብት ቤት አለ” አሉት በርጩማው ላይ እየተቀመጡ። “ትንሽ ናት፣ ግን አየሁት። ሰባ ዓመት ሙሉ ስሙን ብቻ ነበር የምሰማ። አንተ እጅህ ጎበዝ ነው፣ አሥር አለቃ። ልጄ ያለበት ቦታ እንደዚያ ሥራልኝ። መኪናውም ሥራ፣ ዛፉም ሥራ። እኔ እዚያ አልደርስም፣ እግር የለኝም። ሳልሞት ልየው።”

እምቢ የሚልበት አፍ አጣ። “እሺ እናቴ” አለ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን እስኪመሽ አንድ ኩራዝ እንኳ አልጨረሰም።

መኪናውን ለመሥራት አልተቸገረም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ነው የሠራው። አፍንጫውንና ጋቢናውን ከዘይት ጣሳ ቆረጠ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውን ከወተት ጣሳ አደረገ፣ ስድስቱን ጎማ ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ አወጣ። የጎማዎቹን ዘንግ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ሠራ። ከኋላ የምትከፈተውን ቧንቧ እንኳ አልረሳም። ውኃ ሞልቶ አሳደረውና ጠዋት ሲያየው ጠብ አላለም። በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ጠረጴዛውን አቋርጦ ይሄዳል። የትምወርቅ ቆማ ስታየው “ሽማግሌ ሆነህ መጫወቻ አማረህ” አለችው፤ እሷም ግን አንድ ሁለት ጊዜ ገፋ አድርጋዋለች።

ያስቸገረው በረሃው ነው። ከለገዳራ ወንዝ አሸዋ አመጣ፤ ጠቆረበት፣ ደግሞም ደርቆ አይደርቅም። የደጁን አፈር ነሰነሰ፤ ቀይ ሆኖ አረፈው። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ለምኖ አመጣና ኮላ በቀባው ጣውላ ላይ ሲበትነው የዶሮ ቤት ወለል መሰለ። ጌዴኦ ምድር ላይ በረሃ የሚሆን ነገር ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሲጣላ ከረመ።

አንድ ቀን ቡና መፈልፈያ ቤት ቆርቆሮ ሊጠግን ተጠራ። ከዱመርሶ የመጣ የታጠበ ቡና ይፈለፈል ነበርና ከማሽኑ ጎን ገለባው ተቆልሏል። መዶሻውን እንደያዘ ቀጥ አለ። ቀለሙ ያው የኦጋዴኑ ነው፤ ያ ነጣ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ዓይን የሚወጋ ቀለም። ግማሽ ጆንያ ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ደመላሽ ወፍጮ ቤት ሄደ።

ደመላሽ ጆንያውን ከፍቶ አየና “አሥር አለቃ፣ ኑሮ እዚህ ደረሰ?” አለው።

“የሚበላ አይደለም። በረሃ ነው የማስፈጨው።”

“በረሃ።”

“አዎ፣ በረሃ። ደግሞ እንዳታልመው፤ ትንሽ ሻከር ይበል።”

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ወረፋ የያዙት ሴቶች እስኪበቃቸው ሳቁ። ሠረቀብርሃን ግን ዱቄቱን ቤቱ አግብቶ በጣውላው ላይ ሲነሰንስና እፍ ሲልበት፣ ነፋስ የሄደበት የሚመስል መስመር ሲያወጣ፣ ውኃ ጠማው። ተነሥቶ ሁለት ጣሳ ውኃ ጠጣ። ቁጥቋጦውን ከደረቀ የሣር ሥር ሠራው፤ ከመኪናው ጎማ የሚበልጥ አንድም አልነበረም። ከመሐል የመቃብሩን ትንሽ ጉብታ አደረገ።

የቀረው ዋንዛው ነው። እሱንም ሠራው። ግንዱን ከተጠማዘዘ ሽቦ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ ከተቀባ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ቆርጦ በየደ። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም። ጉብታው ራስጌ ሲተክለው ግን ዋንዛው የሠርግ ልብስ ለብሶ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መሰለ። ነቀለው። እንደገና ተከለው። እንደገና ነቀለው።

“ምን ነካህ? ያምራልኮ” አለች የትምወርቅ።

“እዚያ ዛፍ የለም።”

የትምወርቅ ይህን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም። ነገሩን ከተረዳች በኋላ መቀነቷን እያጠበቀች ቆየችና “እና ማን ሄዶ ሊያይ ነው? ትከልላቸው” አለች።

“ቦታውን ልየው ነው ያሉኝ። ይህን ከተከልኩ የሚያዩት የእኔን ውሸት ነው።”

“እውነቱን ብትነግራቸውስ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል? አንተን ሊቀልልህ፣ እሳቸውን ሊከብዳቸው?”

እውነት ለመናገር እኔም ለዚህ መልስ የለኝም። የትምወርቅ አንዳንዴ እንዲህ ሰው የማያመልጥበት ቦታ ላይ ታቆማለች።

ፀሐይዋ በመስኮቱ የገባችው በዚያ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ዘንበል ብላ መኪናው ላይ አረፈችና የመኪናው ጥላ በገለባው ላይ ተዘረጋ። በጣውላ ሰሌዳው ላይ ከዚያ ሌላ ጥላ አልነበረም። ሠረቀብርሃን ጥላውን ሲያይ አምስት ዓመት ሙሉ እንዳይመጣበት ይሸሸው የነበረው ቀን ተመለሰበት።

ታረቀኝ ጎኑን የተመታው ማለዳ ነው። ሐኪም ሩቅ ነበረ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ከጉልበት የሚበልጥ ነገር አልበቀለም፤ ስለዚህ ቦቴው በሚጥለው ጥላ ውስጥ አስተኙት። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ይሸሻል። ሠረቀብርሃን ሞተር እያስነሣ መኪናውን ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ፣ ዞር እያደረገ ጥላውን ልጁ ላይ ሲያቆይ ዋለ። ስምንት ሰዓት ላይ ልጁ ዐረፈ። እዚያው ቀበሩት። ከዚያ “ግንባር ያለው ጦር ውኃ አልቆበታል፣ ተነሥ” የሚል ትእዛዝ መጣ። ነዳ። በጎን መስታወቱ ሲያይ ጥላው ከአዲሱ አፈር ላይ ተነሣና ፀሐይዋ አረፈችበት።

ወይዘሮ ሙሉካ የመጡት ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ጠብቀው ነው። ነጠላቸውን ለብሰው፣ የልጃቸውን ቀበቶ በጨርቅ ይዘው መጡ። ሠረቀብርሃን ሰሌዳውን በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ላይ አስቀምጦታል። ዋንዛው ኮት ኪሱ ውስጥ ነው፤ እንደሚያወጣው እንደማያወጣው እስከዚያች ደቂቃ አያውቅም። የትምወርቅ ጥግ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

ወይዘሮ ሙሉካ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ገለባውን በጣታቸው ነኩ።

“እንዲህ ነው? ሣር የለም?”

“የለም እናቴ።”

“ዛፉስ? ዛፉን ረሳህ?”

እጁ ኪሱ ገባ። ሽቦውን ጨበጠ። ከዚያ ባዶ እጁን አወጣ።

“ዛፍ የለም፣ እናቴ። ያን ጊዜ ዋሸሁዎት። ጥላው መኪናው ነበር።” ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሞተሩን እያስነሣ መኪናውን እንዴት ሲያዞር እንደዋለ፣ ኋላም እንዴት ትቶት እንደሄደ። ስለ ትእዛዙ ግን አላነሣም። “ጥላውን ይዤበት ሄድኩ” ብቻ ነው ያለው። ሲጨርስ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

ወይዘሮ ሙሉካ ጣታቸው ላይ የቀረውን ገለባ አራገፉ።

“አራት ዓመት ውኃ አጠጣኋት፣ ዋንዛዋን” አሉ በመጨረሻ።

“ይቅር ይበሉኝ።”

“ዛፏ ምን አደረገች። ትደግ።” ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። “ልጄ ውኃ ጠጣ?”

“ጠጥቷል እናቴ። በእጄ ነው ያጠጣሁት። ይሄ ውሸት አይደለም።”

“አውቃለሁ” አሉና እጃቸውን ወደ መኪናው ዘረጉ። ገና ጣታቸው ሲነካው መኪናው ተንሸራትቶ ከጉብታው ራቀ። ሠረቀብርሃን ስንት ቀን የኮራበት ጎማ ነው። ወይዘሮ ሙሉካ ይዘው አስቆሙት፣ ወደ ቦታው መለሱት፤ እጃቸውን ግን አላነሡለትም።

“ይሄ ይሄዳል” አሉ።

“ይሄዳል። ጎማው ይዞራል።”

“እንዳይሄድ አድርገው።”

ሠረቀብርሃን ከሰል አያያዘ። የሚበይድበትን ብረት እሳቱ ውስጥ ከተተ። ከገለባው ሥር ቆርቆሮ በምስማር መታና መኪናውን ከነጎማው እዚያ ላይ በየደው፤ ስድስቱንም ጎማ፣ አንድ በአንድ። እሳቸው ከዳር ከዳር ይዘውለት ነበር። አራተኛው ጎማ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ጨለመበትና እንባውን በክንዱ ጠረገ። ወይዘሮ ሙሉካ “ቀስ በል፣ ታቃጥለኛለህ” አሉት። የትምወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለፋሲካ ሊጠይቃቸው ወናጎ ወረደ። ከዚያ ቀን በኋላ ምን ፊት እንደሚያሳዩት አያውቅም ነበርና መንገዱን ሙሉ ሲፈራ ሄደ። ዋንዛዋ ቅርንጫፏን ዘርግታ ከቤቱ ክዳን በላይ ወጥታለች። ሥሯ ግን ማንም አልተቀመጠም። ወይዘሮ ሙሉካ ከጥላው ወጥተው፣ ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ፣ ራሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ነው። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል።

“ፀሐይ ላይ ምን ያደርጋሉ እናቴ? ዛፉ ሥር አይሻልም?”

“ዛፉ ሥር ጥላው አይታይም” አሉት። በሁለት እጃቸው ሰሌዳውን ይዘው በጣም ጥቂት አዞሩት። የመኪናው ጥላ ከጉብታው ዳር ሊወርድ ደርሶ ነበር፤ ተመልሶ ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። “ከሰዓት በኋላ ቶሎ ቶሎ ይሸሻል” አሉ።

ሠረቀብርሃን ኮቱን አውልቆ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው አበባ ሲያወሩ ቆዩ። መሐል ላይ ወይዘሮ ሙሉካ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ጥላው እንደገና መሸሽ ሲጀምር ሠረቀብርሃን እንዳይቀሰቅሳቸው ተጠንቅቆ እጁን ዘረጋና ሰሌዳውን አዞረው።