ለሰባት ዓመት ልጅ የተፈቀደው ፊልም

ጎረቤቴ አስቴር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ዱቦ ሆስፒታል ተኝታለች፤ በጸሎት አስቧት። ልጇ ምሕረት እኔ ጋ ናት።

ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ በላከልን ስማርት ቲቪ ላይ ለልጅ የማይሆነውን ሁሉ በሚስጥር ቁጥር ቆልፌያለሁ። (ቁጥሩን ባለቤቴም አያውቀውም!)

ዛሬ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ይታያል የሚል ምልክት ያለበት ፊልም ከፈትኩላት። ምሕረትም ሰባት ዓመቷ ነው፤ ተማምኜ ጓዳ ገባሁ።

ስመለስ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ፊልሙ መሳሳም የለው፣ ጥይት የለው። ግን አንዲት እናት ሆስፒታል ተኝታ ሞተች። ለካ ይሄንን አይቆልፉትም!

አሁን አባቷ ከዱቦ መጣ። «እናትሽ ዛሬ ሾርባ ጠጣች፤ እሁድ እናመጣታለን» አላት።

«ፊልሙ ላይም አባትየው እንደዚህ ነው ያለው» አለችው።

ዞሮ እኔን አየኝ። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ ልጁን ምን ብላችሁ አሳመናችሁት?