በስምንተኛው ቀን ልጄን አልሰጠሁም

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስማር መልሱን እያወቅሁት አንገቴን ደፍቼ ዝም እል ነበር። አግብቼ አማቴ ቤት ስገባም ከ«እሺ» ሌላ ቃል አልነበረኝም።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት አምበር ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ነው። ልጅቷ ስትወጣ ሥጋዬ ተቀደደና ብዙ ደም ፈሰሰኝ። አዋላጇ ሰፍታኝ ስትጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ሕፃን ሆነሽ ገርዘውሻል። የተቆረጠው ቦታ ጠባሳ ሆኗል፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ደህና ሥጋ አይለጠጥም። ሽንትሽንስ ያምሽ ነበር?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ያቃጥለኛል። ሴት ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ይህንንም የነገርኋት ወደ ግድግዳው ዞሬ ነው። መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ስፌቱን በንጹሕ ውኃ እንዳጥብ አሳየችኝ፣ በሳምንቱ ተመለሽ አለችኝ።

እኛ ዘንድ ሴት ልጅ በተወለደች በስምንተኛው ቀን ትገረዛለች። አማቴ ሳይጠይቁኝ ገራዧን ቀጥረው ኖሯል። ለባሌ ብነግረው «የሴቶች ነገር ነው» ብሎ ወደ እርሻው ሄደ። ሴትዮዋ በስምንተኛው ቀን ጧት መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡና ምላጩን ከነወረቀቱ አወጡ። «አዲስ ነው፣ አትፍሪ» አሉኝ።

አማቴ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ፣ ልጅቷን ስጭኝ።»

«አልሰጥም፣ እማማ።»

«ምን አልሽ?»

«አትቆረጥም።»

ገራዧ ሳቁ። «ይቺ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣችው! ካልተገረዘች ዕቃ ሰባሪ ትሆንብሻለች፣ አንቺ ሞኝ።»

ያልተገረዘች ሴት እጇ ላይ ዕቃ አይበረክትም ይባላል። «እኔ ተገርዣለሁ» አልሁ። «የፋሲካውን የጠላ ጋን ማን ሰበረው? እማማ፣ ‹ዕቃ ጨረስሽብኝ› የሚሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

አማቴ አልሳቁም። «እኔም ተገርዤ ነው ስምንት የወለድሁት። ሁላችንም ወልደን ተነሥተናል።»

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ባሌ እንኳ በብርሃን አይቶኝ የማያውቀው እኔ ጋቢውን ገለጥሁት። ያበጠው ሥጋ፣ ክሩ፣ ደሙ ሁሉ ታየ።

«ይዩት» አልኋቸው። «ሲነሡ እንዲህ ሆነው ነበር የተነሡት? ማንስ ‹አመመሽ ወይ› ብሎ ጠየቀዎት?»

አማቴ ቶሎ ብለው ወደ ጓዳ ዞሩ። ገራዧ ግን አጎንብሰው አዩኝ። «የአንቺዋ ገራዥ እጇ ክፉ ነው። የኔ እጅ እንዲህ አያደርግም።»

«የገረዟቸው ልጆች አድገው ሲወልዱ ሄደው አይተዋል?»

ፊታቸውን ወደ ጓዳው መለሱና አማቴን «እንግዲህ ምን ትያለሽ?» አሏቸው።

«ሂጂ በቃ። ይቺ አብዳለች» አሉ አማቴ ከጓዳ።

በዚያው ቀን ልጄን አቅፌ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ። አራስ ፀሐይ አይንካት፣ ምች ይመታታል እያሉ ጎረቤቶች ከየደጃፉ ጮኹብኝ። ሄድሁ እንጂ! ስፌቱ አመርቅዞ ነበር፤ ታክሞ ዳነ። የሽንቱ ማቃጠልም ቆመልኝ። አማቴ ግን እስከ ክርስትናው ቀን አላነጋገሩኝም።

ልጄ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማንም አልነካትም። እኔም ሁለተኛዬን አርግዣለሁ። አማቴ ሰሞኑን ሆዴን እያዩ «ይቺኛዋስ?» አሉኝ። «ሴት ከሆነች ይቺም አትቆረጥም» አልኋቸው። ደግመው አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም መልሴ ያው ነው።

በጠባሳው ምክንያት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንድወልድ ተነግሮኛል። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሄጄ ነበር። ካርድ የምትጽፈው ነርስ በሰው ፊት «ከዚህ በፊት የገጠመሽ ችግር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተገርዣለሁ። ስወልድም ተቀድጄ ነበር» አልኋት።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሰምተዋል። ይስሙ።