ስንዝር ከፍ

በጎማ የሚገፋውን የጋራዡን ክሬን የምትይዘው ሴት ያደረገችው ሄልሜት ይሰፋታል። የወንድ ነው፤ አናቱ ሰርጉዷል። ሞተር ስታነሳ መጀመሪያ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ታደርግና ሰንሰለቱን እያየች ትቆማለች።

ዛሬ ደንበኛ በር ላይ ስለቆመ አለቃው ቸኩሏል። ስንዝር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለው ሞተር በሚያልፍበት ቦታ ላይ ሁለት ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ብሎን ይፈታሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጋራዡን ለቅሶ ቤት አደረግሽው እኮ! ግፊው!»

ሞተሩን መሬት አወረደችው። የጎማዎቹን ፍሬን ረግጣ ቆለፈችና ሞተሩ ላይ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ እነሱ ይነሱ።»

«እንግዲያው ነገ እንዳትመጪ!»

የሄልሜቱን ስርጉድ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ለቅሶውንስ አንዴ ተቀምጫለሁ። ሁለተኛ አልቀመጥም።»

ሁለቱ ሠራተኞች መፍቻቸውን ይዘው ከመንገዱ ዞር አሉ። እሷም ተነስታ ሞተሩን እንደገና ስንዝር ከፍ አደረገችና ሰንሰለቱን እያየች ቆመች።